ከባቄላ እስከ ጓያ፦ የዕፅዋት ንጥረ ነገር ለተዳከመ አንጎል መድኃኒት የሚሆነው መቼ ነው?

መግቢያ

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚመረጥበት ወቅት ሲደርስ በዲፓርትመንታችን ደጋግመን የምናያቸው ርዕሶች አሉ። አንድ ተክል ይመረጣል። ቅጠሉ ወይም ሥሩ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሚታኖል ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ፀረ-ኦክሲዳንት ምርመራ ይደረግለታል። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ የማጠቃለያው የመጨረሻ መስመር ላይ «ስለዚህ ይህ ተክል እንደ አልዛይመርና ፓርኪንሰን ላሉ በሽታዎች ሕክምና ተስፋ ሰጪ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጨመራል።

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ቀላል ናት። ነገር ግን ከላብ ወጥታ ወደ ቤተሰብ ስትደርስ ሌላ መልክ ትይዛለች። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አባት ወይም የልጆቻቸውን ስም የዘነጉ እናት ያሉበት ቤት «ዩኒቨርሲቲው አረጋገጠ» ብሎ ይሰማታል። ስለዚህ ከሙከራ ቱቦው እስከዚያ ቤት ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ ማወቅ ለእኛ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ትርፍ ዕውቀት ሳይሆን ግዴታ ነው።

በዚህ ጽሑፍ መንገዱን እስከ መጨረሻው የተጓዙ ጥቂት የዕፅዋት ንጥረ ነገሮችን፣ መንገድ ላይ የቀሩትንና በተቃራኒው ነርቭን የሚጎዳውን የራሳችንን ጓያ እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

በሽታዎቹ ምንድን ናቸው?

እንደሚታወቀው የቆዳ ወይም የጉበት ሴል ሲሞት ሌላ ይተካዋል። የአንጎል ነርቭ ሴል (ኒውሮን) ግን በአብዛኛው እንዲህ አይተካም። ነርቭን የሚያመነምኑ በሽታዎች የምንላቸው እነዚህ ሴሎች ቀስ በቀስ፣ በብዙ ዓመታት ውስጥ የሚያልቁባቸው ናቸው።

በጣም የታወቁት ሁለት ናቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» ብሎ የገለጸው በሽታ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዚህ በሽታ የሚያልቁት በዋናነት ሰብስታንሺያ ናይግራ በሚባለው የአንጎል ክፍል ያሉ ዶፓሚን የሚያመርቱ ሴሎች ናቸው። ዶፓሚን ሲጎድል እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገታል፣ እርምጃ ያጥራል። ሁለተኛው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 ያቀረበው ነው። እዚህ ላይ ከሴሎች ውጭ ቤታ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ይከማቻል፣ በሴሎች ውስጥ ደግሞ ታው የተባለ ፕሮቲን ይተበተባል። ቀድመው ከሚጎዱት መካከል አሲታይልኮሊን የተባለውን መልእክተኛ ኬሚካል የሚያመርቱ ሴሎች ይገኙበታል፤ ማስታወስና ማስተዋልም አብረው ይዳከማሉ።

ወደ ዕፅዋቱ ከመግባታችን በፊት አንድ ልዩነት እንያዝ። ምልክትን ማስታገስ አንድ ነገር ነው፤ በሽታውን መግታት ሌላ ነገር ነው። የጎደለውን ዶፓሚን ወይም አሲታይልኮሊን መሙላት ሰውየውን እንዲራመድ ወይም እንዲያስታውስ ሊረዳው ይችላል፣ የሴሎቹን ሞት ግን አያቆምም። ለአልዛይመር የበሽታውን ጉዞ በመጠኑ ያዘገያሉ ተብለው በአሜሪካ በ2023 እና በ2024 ሙሉ ፈቃድ ያገኙት ሌካኔማብና ዶናኔማብ በሽታው ገና ሲጀምር የሚሰጡ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው፤ ከተክል የመጡ አይደሉም። በሽታውን እንደሚገታ በሰው ላይ የተረጋገጠ የዕፅዋት ንጥረ ነገር እስካሁን የለም። ምልክትን በማስታገስ በኩል ግን ዕፅዋት ትልቅ ውለታ ውለዋል።

መርዝ የነበረው ባቄላ

በዛሬዋ ናይጄሪያ ደቡብ ምሥራቅ በካላባር አካባቢ የሚኖሩ የኤፊክ ሰዎች በድሮ ጊዜ በጥንቆላ የተጠረጠረን ሰው የአንድ ባቄላ መሰል ፍሬ ጭማቂ ያጠጡት ነበር። ተፍቶ ከዳነ ንጹሕ ነው፤ ከሞተ ጥፋተኛ ነበር ማለት ነው። የአውሮፓ ሳይንቲስቶች ፍሬውን ወስደው መረመሩ፤ በ1864 ገዳዩ ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣና ፊዞስቲግሚን ተባለ። በ1935 አፍሪካዊ አሜሪካዊው ኬሚስት ፐርሲ ጁሊያን ከጆሴፍ ፒክል ጋር ሆኖ በላብ ውስጥ ሠራው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሞለኪውል መሥራት ቀላል ሥራ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሲታይልኮሊን መልእክቱን አድርሶ ሲጨርስ አሲታይልኮሊንኤስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያፈርሰዋል። ፊዞስቲግሚን ይህን ኢንዛይም ይይዘዋል። ስለዚህ አሲታይልኮሊን ይከማቻል፤ ብዙ ሲሆን ሰውን ይገድላል። ታዲያ አሲታይልኮሊን የጎደለበት የአልዛይመር ሕመምተኛ በትንሹ ቢወስደውስ? ይህ ጥያቄ ተሞከረ። ጥቂት መሻሻል ታየ፤ ግን መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ይወጣል፣ ማቅለሽለሹም ከባድ ነው። ኬሚስቶች የሞለኪውሉን ሥራ የሚሠራውን ክፍል (ካርባሜቱን) ይዘው ሌላውን ለወጡት። ሪቫስቲግሚን እንዲህ ተወለደና በ2000 በአሜሪካ ተፈቀደ። ካላባር ላይ የሚገድለው ፍሬ ዛሬ ለመርሳት በሽታ የሚሰጠው መድኃኒት ቅድመ አያት ነው ማለት ነው።

በረዶ ሳይቀልጥ የምታብብ አበባ

ሁለተኛው ታሪክ የጋላንተስ ነው። ይህች ነጭ አበባ በካውካሰስና በምሥራቅ አውሮፓ በረዶው ገና ሳይቀልጥ ብቅ ትላለች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሶቪየት ሳይንቲስቶች ከሥሯ አምፖል ጋላንታሚን የተባለ አልካሎይድ አወጡ፤ ያንኑ አሲታይልኮሊንኤስተሬዝ እንደሚይዝም አሳዩ። ቡልጋሪያ ውስጥ ዲሚታር ፓስኮቭና ባልደረቦቹ ኒቫሊን በሚል ስም መድኃኒት አደረጉት። በመጀመሪያ የዋለው ለነርቭና ለጡንቻ ሕመሞች ነበር። በ2001 አሜሪካ ውስጥ ለቀላልና ለመካከለኛ አልዛይመር ተፈቀደ። የተለመደው ዕለታዊ መጠን ከ16 እስከ 24 ሚሊግራም ነው። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንመለስባታለን።

ከአንድ ሽሮ እህል የወጣ መድኃኒት

ሦስተኛው ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። በ1913 ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት ስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ ከባቄላ ኤል-ዶፓ የተባለውን አሚኖ አሲድ ለይቶ አወጣ። ለማየት ብሎ 2.5 ግራም ራሱ ዋጠና ክፉኛ አስመለሰው። ሥራ የሌለው ንጥረ ነገር መስሎ ለብዙ ዓመታት ተቀመጠ።

በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ጥንቸሎችን ሬዘርፒን ሰጣቸው። ሬዘርፒን ራሱ ራውቮልፊያ ከተባለ የህንድ ተክል የወጣ ነው፤ ከነርቭ ሴል ውስጥ ዶፓሚንን ያራቁታል። ጥንቸሎቹ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ኤል-ዶፓ ሲወጉ ተነስተው መንቀሳቀስ ጀመሩ። አንዱ የተክል ንጥረ ነገር የነሳውን ሌላው መለሰው ማለት ነው። በ1960 ቪየና ውስጥ ኤሪንገርና ሆርኒኪየቪች በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ዶፓሚን በጣም መጉደሉን አገኙ። በቀጣዩ ዓመት ቢርክማየርና ሆርኒኪየቪች ኤል-ዶፓን ለሕመምተኞች በመርፌ ሰጡ፤ መነሳት የማይችሉ ሰዎች ለሰዓታት ተነስተው ሄዱ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ በአፍ የሚሰጥበትን መንገድ አሳየ፤ መጠኑ ቀስ በቀስ እያደገ እንዲሄድ አደረገ። ካርልሰን በ2000 የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ዛሬ ሌቮዶፓ የምንለው ይኸው ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ለፓርኪንሰን ምልክቶች ከእሱ የሚበልጥ መድኃኒት አልተገኘም። ብቻውን ግን አይሰጥም። አንጎል ከመድረሱ በፊት ደም ውስጥ ወደ ዶፓሚን እንዳይለወጥ ካርቢዶፓ ወይም ቤንሰራዛይድ ይጨመርበታል። ጉገንሃይምን ያስመለሰው ሆዱና ደሙ ውስጥ የተፈጠረው ዶፓሚን ነበር፤ እነዚህ ተጨማሪዎች ያንን ይቀንሳሉ።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ይመጣል፤ «ታዲያ ባቄላ ብንበላስ?» ኤል-ዶፓ የሚበዛው በእሸቱ ልባስና በበቀለው ባቄላ ላይ ነው፤ በደረቁ ፍሬ ላይ ትንሽ ነው። መጠኑም እንደ ዝርያው፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ እድሜው ይለያያል። ካርቢዶፓም የለበትም። ሙኩና ፕሩሪየንስ የተባለው ሌላ ባቄላ መሰል ተክል ፍሬው ላይ ብዙ ኤል-ዶፓ አለው። በ2017 የታተመና ቦሊቪያ ውስጥ በ18 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ የተፈጨው ፍሬ በአንድ ጊዜ አወሳሰድ ከመድኃኒቱ ጋር የሚስተካከል ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ለሳምንታት በየቀኑ እንዲወስዱት ሲደረግ ግን ከ14ቱ ግማሾቹ በሆድ ሕመምና በእንቅስቃሴ መባስ ምክንያት አቋረጡት። መድኃኒቱን መግዛት ለማይችል አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ምርምሩም ሊቀጥል ይገባዋል። ነገር ግን ተክሉ ውስጥ ንጥረ ነገሩ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

መንገድ ላይ የቀሩት

እስካሁን ያየናቸው ሦስቱ የሚጋሩት ነገር አለ። በሦስቱም አንጎል ውስጥ ምን እንደጎደለ ታውቋል፣ ሞለኪውሉ ምኑን እንደሚነካ ታውቋል፣ መጠኑም ተለክቷል። አሁን ደግሞ «ፀረ-ኦክሲዳንት ነው፣ ስለዚህ ነርቭን ይጠብቃል» በሚል ሐሳብ የሄዱትን እንይ።

ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። በተጎዱ አንጎሎች ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚያደርሰው ጉዳት በእርግጥ ይታያል። ግን ጉዳቱ ምክንያት ነው ወይስ ውጤት? ቤቱ ሲቃጠል ጭስ ይበዛል፤ ጭሱን ማራገብ እሳቱን አያጠፋም። ቪታሚን ኢ በ800 የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ በ1993 ውጤቱ ሲወጣ ምንም ጥቅም አልታየበትም። ኮኤንዛይም ኪው 10 በ600 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ በ2014 እንዲሁ ሆነ። ጊንኮ የተባለው የቻይና ዛፍ ቅጠል ከ3,000 በላይ በሆኑ፣ እድሜያቸው ከ75 ዓመት ባለፈ አሜሪካውያን ላይ ስድስት ዓመት ገደማ ተሞከረ። በ2008 የታተመው ውጤት ቅጠሉን የወሰዱትና ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን) የወሰዱት እኩል ለመርሳት በሽታ መጋለጣቸውን አሳየ።

ከወጣችን የማይጠፋው እርድም ከዚህ ወገን ነው። ቢጫ ያደረገው ኩርኩሚን በሙከራ ቱቦ ውስጥ ድንቅ ነው፤ ቤታ አሚሎይድ እንዳይከማች ያደርጋል፣ ፍሪ ራዲካል ያጠፋል። በ2012 የታተመ ሙከራ ግን የአልዛይመር ሕመምተኞች በቀን 2 ወይም 4 ግራም ለ24 ሳምንት ወስደው ለውጥ አልታየም። ደማቸው ውስጥ የተገኘውም በናኖግራም የሚቆጠር ብቻ ነበር። ሆድ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፣ የገባውንም ጉበት ቶሎ ይለውጠዋል። በ2017 የመድኃኒት ኬሚስቶች ቡድን ከ120 በላይ የኩርኩሚን ክሊኒካል ሙከራዎችን ተመልክቶ በፕላሴቦ በተነጻጸረ ጥብቅ ሙከራ የተሳካ አንድም እንደሌለ ጽፏል።

ቡና በመካከል

ከእነዚህ በሁለቱም ወገን የማይመደብ አንድ አለ፤ አገሩ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የሆነው ቡና። በ2000 የታተመ የሆኖሉሉ ጥናት 8,004 የጃፓን ዝርያ ያላቸው ወንዶችን ለ30 ዓመት ያህል ተከታትሎ ቡና የሚጠጡት በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው በጣም ያነሰ መሆኑን አገኘ። ሌሎች ጥናቶችም ደገፉት። ደስ ይላል አይደል?

ግን መጠጣቱ ነው የጠበቃቸው? ወይስ በሽታው ሊጀምራቸው የተዘጋጁ ሰዎች ዶፓሚናቸው ቀድሞ ስለቀነሰ የቡና ፍላጎት የላቸውም? ክትትል ብቻውን ይህን አይለይም። በ2017 የታተመ ሙከራ 121 ሕመምተኞችን ከፍሎ ለአንዱ ወገን 200 ሚሊግራም ካፌይን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሌላው ፕላሴቦ ሰጠ። በስድስት ወር በእንቅስቃሴያቸው ላይ ልዩነት አልታየም።

ይህ ማለት ግን ቡና ምንም አላስገኘም ማለት አይደለም። ካፌይን የሚይዘው የአዴኖሲን ኤ2ኤ ተቀባይ ከዶፓሚን ሴሎች ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀ። ኬሚስቶች የካፌይንን የዛንቲን ቀለበት ይዘው ይህን ተቀባይ ብቻ አጥብቆ የሚይዝ ሞለኪውል ሠሩ። ኢስትራዴፊሊን ይባላል፤ በጃፓን በ2013፣ በአሜሪካ በ2019 ከሌቮዶፓ ጋር የሚሰጥ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። ቡናው በቀጥታ መድኃኒት አልሆነም፤ ወዴት መሄድ እንዳለብን ግን ጠቆመን።

ለምን ይወድቃሉ? ሦስት በሮች

አንደኛው በር የደምና የአንጎል አጥር ነው። የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ጥብቅ ስለሆነ አብዛኛው ሞለኪውል አያልፍም። ትንሽና ስብ የሚወድ ሞለኪውል ይሻለዋል፤ ክብደታቸው 194 የሆነው ካፌይንና 287 የሆነው ጋላንታሚን ያልፋሉ። ግን ክብደት ብቻ አይደለም። ዶፓሚን 153 ብቻ ሆኖ አያልፍም፤ 197 የሆነው ኤል-ዶፓ ግን ያልፋል፣ ምክንያቱም አሚኖ አሲዶችን የሚያሻግር ማጓጓዣ አሳፍሮት ይሻገራል። ሌቮዶፓ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ሥጋ ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወስደው ሥራው የሚቀንስበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ የሥጋው አሚኖ አሲዶች በዚያው ማጓጓዣ ይጋፉታል። እኛ ብዙ ጊዜ የምናገኛቸው ፍላቮኖይዶች ስኳር ተሸክመው፣ በሃይድሮክሲል ተሞልተው ስለሚመጡ በዚህ አጥር ማለፍ ይከብዳቸዋል።

ሁለተኛው በር መጠን ነው። እስቲ እናስላ። አንድ ኤክስትራክት ኢንዛይሙን በግማሽ የሚገታው በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ሲሆን ነው እንበል፤ በየቲሲሱ የምናየው ዓይነት ቁጥር ነው። የአንድ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። ይህን መጠን ደም ውስጥ ብቻ ለማግኘት 500 ሚሊግራም ደሙ ውስጥ መግባት አለበት። ንጥረ ነገሩ በሰውነት ውሃ ሁሉ፣ ማለትም በ42 ሊትር ገደማ ከተሰራጨ ደግሞ 4.2 ግራም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሆድ ውስጥ ሳይጠፋ፣ ጉበት ሳይለውጠው፣ አጥሩ ሳያግደው ነው። ከጋላንታሚን 16 እስከ 24 ሚሊግራም ጋር አነጻጽሩት። ያን ቁጥር ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው በር ምርመራው ራሱ ነው። ዲፒፒኤች በ517 ናኖሜትር የሚለካ ሐምራዊ ቀለም ነው፤ ሃይድሮጅን የሚሰጥ ማንኛውም ነገር ወደ ቢጫ ይለውጠዋል። ሻይ ይለውጠዋል፣ የሎሚ ቪታሚን ሲም ይለውጠዋል። ይህ የሚናገረው ስለ ኬሚስትሪው እንጂ ስለ ነርቭ ሴል አይደለም። ከእሱ የተሻለው የኤልማን ምርመራ ነው፤ የኢንዛይሙን ሥራ በ412 ናኖሜትር በሚታይ ቢጫ ቀለም ይለካል። ግን ኤክስትራክቱ ራሱ ቢጫ ከሆነስ? ኩርኩሚን ከዚያው አካባቢ ብርሃን ይውጣል። የቀለም ብላንክ ካልተሠራ መሣሪያው የሚነግረን ስለ ተክሉ ቀለም ይሆናል።

ጓያ የሚያስተምረን

«ከተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለውን አባባል የሚሽር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጓያ ድርቅን ይችላል፣ ውሃ በተኛበት ጥቁር አፈርም ይበቅላል። ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ አለ፤ ሽሮ ይሆናል፣ ቂጣ ይሆናል፣ ቆሎና ንፍሮ ይሆናል። በውስጡ ግን ቤታ-ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ አለ፤ በ1964 ተለይቶ ታውቋል። ይህ ሞለኪውል ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ይመስላል። ተቀባዩ ላይ ተቀምጦ የእንቅስቃሴ ነርቮችን ከልክ በላይ ያነሳሳቸዋል፤ ሴሎቹም ይጎዳሉ።

ሰው ለሁለት ሦስት ወር ዋና ምግቡ ጓያ ከሆነ እግሩ ሊደርቅና ሊሽመደመድ ይችላል። አእምሮው ደህና ነው፣ እጁም ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ እግሩ ግን አይመለስም። እንደ አልዛይመር እየባሰ የሚሄድ ባይሆንም ጉዳቱ ዘላቂ ነው፤ በአብዛኛው የሚያጠቃውም ለሥራ የደረሱ ወጣቶችን ነው። በ1976 እና 77 በጎንደር ደንቢያ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ በወሎ ደላንታና ዳውንት በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። በየቦታው የጓያ እንፋሎት ያሽመደምዳል የሚል እምነት ቢኖርም ጉዳቱ የሚመጣው ከመብላቱ ነው። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ማብላላትና ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን ይቀንሳል።

ኤል-ዶፓና ቤታ-ኦዳፕን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁለቱም አሚኖ አሲዶች ናቸው። ሁለቱም ከጥራጥሬ የመጡ ናቸው። ሁለቱም በየማሳችን አሉ። አንዱ የደረቀ ሰውን ያስነሳል፣ ሌላው የሚሮጠውን ያስቀምጣል። ተፈጥሮ ለሁለቱም ምልክት አልለጠፈችባቸውም፤ የለየናቸው አወቃቀራቸውን፣ የሚነኩትን ተቀባይና መጠናቸውን ስላወቅን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህን ሁሉ የጻፍኩት «የአገር ተክል መመርመር ይቅር» ለማለት አይደለም። ካላባርም፣ ጋላንተስም፣ ባቄላም የተጀመሩት ከአንድ ተክል ነው። የእኛ ላብ አቅም ሙሉውን መንገድ አያስኬድም፤ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ግን በንጽሕና ማስኬድ ይችላል።

አንደኛ፣ ተክሉ በትክክል መታወቅ አለበት፤ ናሙናው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ወይም በሌላ ዕውቅ ቦታ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በዲፒፒኤች ከመቆም ይልቅ የኤልማን ምርመራ ይጨመር፤ ጋላንታሚን ወይም ፊዞስቲግሚን ማነጻጸሪያ ይሁን፣ የቀለም ብላንክም አይረሳ። ሦስተኛ፣ ክሩድ ኤክስትራክት ላይ ሳንቆም የሚሠራውን ክፍል በኮለም እየለየን እንሂድ። አራተኛ፣ ከላይ ያየናትን ስሌት እያንዳንዱ ቲሲስ ላይ በአንድ አንቀጽ እንሥራት፤ አምስት ደቂቃ አትፈጅም። አምስተኛ፣ ማጠቃለያው ከምርመራው አይብለጥ። «ኤክስትራክቱ በዚህ መጠን ኢንዛይሙን በሙከራ ቱቦ ውስጥ ገትቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አያሳፍርም። እንዲያውም ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ሊቆምበት የሚችለው እሱ ላይ ነው።

ቤተሰብ ወይም ጎረቤት ሲጠይቀን ደግሞ የምንሰጠው መልስ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እርድ ወጥ ውስጥ ይግባ፣ ቡናውም ይፈላ፤ ምግብ ናቸው። በክኒን ተጠቅጥቆ የሚሸጥ ኩርኩሚን ግን ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። ሌቮዶፓ የሚወስዱ ሰው «በቅጠል ልተካው» ብለው በድንገት ቢያቆሙ ሰውነታቸው ሊደርቅ፣ ኃይለኛ ትኩሳት ሊይዛቸው፣ ለሕይወትም ሊያሰጋቸው ይችላል። የሚወስዱትን ቅጠል ሁሉ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ሐኪሙ ሳያውቅ አይቀላቅሉ፣ አያቁሙም።

ማጠቃለያ

ከዕፅዋት የተገኙ ንጥረ ነገሮች የተዳከመ አንጎልን እንደሚረዱ ጥርጥር የለውም፤ ሌቮዶፓና ጋላንታሚን ምስክር ናቸው። ምስክር የሆኑት ግን ተፈጥሯዊ ስለሆኑ አይደለም። የጎደለው ነገር ተለይቶ፣ ሞለኪውሉ ጠርቶ ወጥቶ፣ አጥሩን አልፎ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ በሰው ላይ ከፕላሴቦ ጋር ተወዳድሮ ስላሸነፈ ነው። ከጉገንሃይም ባቄላ እስከ ኮትዚያስ ሕመምተኞች ድረስ 54 ዓመት ፈጅቷል። የእኛ ቲሲስ ከዚያ መንገድ አንዷን እርምጃ ብትሸፍን ትልቅ ነገር ናት፤ መጨረሻው ላይ ደርሳለች ብለን ካልጻፍን ብቻ።